«ኒውፋውንድ»፦ አዲስ የሆነው ነገሩ ነው ወይስ መገኘቱ?

ጥያቄ፦ እንደምን ዋሉ መምህር? ከአዳማ ነው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በእንግሊዝኛ ዜና «ኒውፋውንድ ፕላኔት» ሲሉ ሰማሁ። «ኒው ፕላኔት» ቢሉ አይበቃም ነበር?

መልስ፦ ይመስገነው የኔ ልጅ፣ ጥሩ አዳምጠሻል። ቢሉም አልተሳሳቱም፤ ግን «ኒው» ሲባል ፕላኔቷ ራሷ ገና የተፈጠረች ልትመስል ትችላለች። «ፋውንድ» ከ«ፋይንድ» የመጣ ነው፣ የተገኘ ማለት። «ኒው» ሲቀድመው አዲስ የሚሆነው መገኘቱ ብቻ ነው፤ ነገሩማ የጥንት ሊሆን ይችላል። ድንቅነሽን፣ ሉሲን ማለቴ ነው፣ አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ አጽም ነበረች። ያኔ «ኒውፋውንድ ፎሲል» ቢሏት ልክ ነው። ዛሬ ግን አይባልም፤ ከተገኘች 50 ዓመት አልፏታል። አንድ ነገር ደግሞ ያዢ፦ ቃሉ የሚገባው ከስሙ በፊት ነው። «ዘ ፕላኔት ኢዝ ኒውፋውንድ» ብሎ መጨረስ ለጆሮ ይጎረብጣል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን። በሥራ ማመልከቻ ላይ ችሎታዬን «ኒውፋውንድድ ስኪልስ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጓደኛዬ ተሳስተሃል አለኝ።

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። «ፋውንድድ» ተመሠረተ ከሚለው ግስ ነው፤ አዲስ ለተከፈተ ትምህርት ቤት «ኒውሊ ፋውንድድ» ይባላል። ለእርስዎ የሚሆነው «ኒውፋውንድ» ነበር። እኔ ግን በማመልከቻ ላይ እሱንም አልመክርም። «ኒውፋውንድ ፍሪደም»፣ «ኒውፋውንድ ኮንፊደንስ» ሲባል ነጻነቱ ወይም በራስ መተማመኑ ቀድሞ አልነበረም ማለት ነው። ቀጣሪው ችሎታውን ትናንት ያገኙት አድርጎ ያነበዋል። «ስኪልስ» ብቻ ብለው ምን መሥራት እንደሚችሉ ይዘርዝሩ፤ ያ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከቶሮንቶ ነው። እዚህ ካናዳ ያለችው የኒውፋውንድላንድ ደሴት ስምም ከዚሁ ነው?

መልስ፦ ከዚሁ ነው። ጆን ካቦት እ.ኤ.አ. በ1497 በእንግሊዙ ንጉሥ በሄንሪ 7ኛ ፈቃድ ተጉዞ ከመጣ በኋላ ነው «አዲስ የተገኘች ምድር» መባሏ። አዲስነቷ ግን ለእነሱ ነበር። ቤኦቱክ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ይኖሩባት ነበር፤ የሰሜን አውሮፓ መርከበኞችም ከካቦት 500 ዓመት ያህል ቀድመው ረግጠዋታል። ቃሉ ያገኘው ማን እንደሆነ አይናገርም። «ኒውፋውንድ» ስለተባለች ወፍ ዜና ሲያነቡ ለሳይንስ አዲስ ናት ማለት ነው፤ የአካባቢው ገበሬ ድሮ ስም አውጥቶላት ሊሆን ይችላል።