«ቀኑን ንገሩኝ»
ለታሪክ መምህሮቻችን በተዘጋጀው የምስጋና ምሽት የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ ወላጆች፣ የደሴ ልጆች፣ እንዲሁም ደሴን በትዳር ያገኛችኋት እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ኮሚቴው ይህን ንግግር ሲሰጠኝ ሁለት ነገር አደራ ብሎኛል። አንዱ «አታስረዝም» ነው። ሁለተኛው «ፖለቲካ አትንካ» ነው። የታሪክ አስተማሪ አመስግን፣ ፖለቲካ ግን አትንካ! ዋና ያስተማረህን ሰው የውሃ ስም ሳትጠራ አመስግነው እንደማለት ነው። እሞክራለሁ። ካልሆነልኝ ኮሚቴው ይቅር ይበለኝ።

ከፊት ከተቀመጡት መምህሮቻችን መሐል በንጉሡ ጊዜ ተምረው፣ በደርግ ጊዜ ተቀጥረው፣ በኢሕአዴግ ጊዜ ጡረታ የወጡ አሉ። መንግሥት በመጣ ቁጥር መጽሐፉ ተቀይሮባቸዋል። ያልተቀየረው ጥቁር ሰሌዳውና ደመወዙ ብቻ ነው።

ስለ አንዳቸው ላውራ። ስማቸውን እንዳልጠራ ራሳቸው ከልክለውኛል። «ከጠራኸኝ ተነስቼ እወጣለሁ» ብለዋል። በር አካባቢ ያላችሁ ጠብቁልኝ። ለኛ ድሮም ዛሬም «ቲቸር» ናቸው፤ የተማረ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ጊዜው 1984 ነው። አስራ አንደኛ ክፍል ነን። ደርግ ከወደቀ ገና ወራት ቢሆነው ነው። ሸዋ በር ላይ የተበተነ ወታደር ካፖርቱን ይሸጣል። የክፍላችን ግድግዳ ላይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ፎቶ ተነስቷል፤ የነበሩበት ቦታ ግን ቀለሙ ሳይጠቁር ቀርቶ ሦስት አራት ማዕዘን ሆኖ ያፈጥብናል። የድሮው የታሪክ መጽሐፍ አይሠራም ተብሏል። አዲሱ አልመጣም። ፈተና ግን አለ። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ከየትኛው መጽሐፍ ነው የምንፈተነው?» አላቸው። የሁላችንም ጥያቄ ነበር።

ቲቸር ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። «ዛሬ መጽሐፍ አንከፍትም። ስለ አንድ ፊልም ላውራችሁ» አሉ። ደስ አለን። ፊልም ሲሉ እኛ የመሰለን የህንድ ፊልም ነው።

በ1965 እሳቸው ራሳቸው የደሴ ተማሪ ነበሩ። ከራያ፣ ከየጁ፣ ከአምባሰል የተነሳ ገበሬ አስፋልቱን ይዞ ወደ ከተማ ሲጎርፍ በዓይናቸው አይተዋል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ መንገድ ዳር ተኝቶ ያዩት ሰው፣ ማታ ሲመለሱ ነጠላ ተሸፍኖ ያገኙታል። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ መጥቶ ያንን ቀረጸ። ፊልሙ በ1966 ጥቅምት በሀገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ። እዚህ ግን ማን ያሳየናል?

መስከረም 1 ቀን 1967፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ፣ ደርግ ያንን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። እንዳለ ግን አልነበረም። በሚያጣጥሩት ሕጻናት መሐል የቤተ መንግሥት ግብር፣ የሠርግ ኬክ፣ ንጉሡ ውሻቸውን ሲመግቡ እየተቆረጠ ገብቶበታል። ንጉሡም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግስቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

ይህን ነግረውን ሲያበቁ መጠየቅ ጀመሩ።

«ረሃቡ እውነት ነው?»

«እውነት ነው!» አልን። ወሎዬን ይህን መጠየቅ ምን ማለት ነው።

«ድግሱስ?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ማን ነው? ለምን በዚያ ማታ? ቀኑን ንገሩኝ። ድግሱ የተደገሰው መቼ ነው? ሕጻኑስ የተቀረጸው መቼ ነው?»

ዝም አልን። ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አለ፣ «ስለዚህ ንጉሡ ጥፋት የለባቸውም ማለት ነው» ብሎ ደመደመ። ቲቸር እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞቷል። መንግሥት እያወቀ ደብቆታል። ፊልሙ ተቆርጦ ተቀጠለ ማለት የሞተው ሰው ተነሳ ማለት አይደለም!» አሉት። ልጁ ተቀመጠ።

ደወል ተደወለ። ማንም አልወጣም። ቀጣዩ ፔሬድ ሒሳብ ስለነበር ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እሱም አለበት። ቲቸር ግን ገና አልጨረሱም። ወደ 1977 ወሰዱን። በዚያ ዓመት መስከረም ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ በድምቀት ሲያከብር፣ ወሎና ትግራይ እንደገና በረሃብ እያለቁ ነበር። የቢቢሲ ካሜራ ኮረም ደርሶ ዓለም ያወቀው በጥቅምት ነው። በረሃቡ ፊልም ንጉሥ ያወረደ መንግሥት፣ አሥር ዓመት ሳይቆይ፣ በራሱ ረሃብ ላይ መጋረጃ ጣለበት። «ቤተሰቡ ሰፈራ የተወሰደበት እጁን ያውጣ» አሉ። እጅ ወጣ። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅም እጁን አወጣ። ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ስንቀመጥ አጎቶቹ ወለጋ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

ይህ ነው እንግዲህ ትምህርቱ። የሚወደድ ንጉሥ አልሰጡንም፣ የሚወደድ አብዮትም አልሰጡንም። አንዱን ስንረግም ሌላውን እንድናነግሥ አልፈቀዱልንም። ያንን ያደረጉት ደግሞ አዲስ ባለጊዜ ከተማው ውስጥ ባለበት፣ ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ሰሞን ነው። ለደመወዛቸው ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ እስኪመጣ ዝም ብሎ ኖት ማስገልበጥ ይበቃቸው ነበር።

አሁን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ ሲመጣ «ቀኑን ንገሩኝ» የሚል ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። ያለፉትን ዓመታት ጦርነት አስታውሱ። ያንኑ አንድ የተቃጠለ መንደር ሁለቱም ወገን «የኛ ነው» እያለ ሲያጋራው አላየንም? በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስልክ ተቋረጠ። እኛ አዲስ አበባ ሆነን እናትና አባቶቻችን ይኑሩ አይኑሩ አናውቅም። የነበረን ወሬ ብቻ ነው። ያን ሰሞን ፌስቡክ ላይ ደሴን ስንት ጊዜ እንዳወደሟትና ስንት ጊዜ ነጻ እንዳወጧት እናንተው ታውቃላችሁ።

ከተማዋ ከተለቀቀች በኋላ ወርጄ ቲቸርን ጠየቅኋቸው። ጦሳ ጉም ለብሷል፣ ብርዱ ያው ብርዳችን ነው። ጋቢ ደርበው አንድ ባለመስመር ደብተር ይዘው አገኘኋቸው። በዚያ ሰሞን በየቀኑ ጽፈዋል። በግራ ገጽ በዓይናቸው ያዩትን፣ በቀኝ ገጽ ከሰው የሰሙትን። የቀኙ ገጽ ሞልቶ ኅዳጉ ላይ ሁሉ ተጽፎበታል። የግራው ግማሽ እንኳ አልደረሰም። አንዳንድ ቀን ላይ በግራ በኩል ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ዳቦ ቤቱ ተከፍቷል» ይላል። «ለማን ነው?» ስላቸው፣ «ነገ ይህን ለሚያስተምር ሰው» አሉኝ። የከተማችን ሙዚየም በዘመቻው ተዘርፏል። የቲቸር ደብተር ግን አለ።

ይህ ጠባይ ከየት መጣ ካላችሁ፣ አስተማሪውም አስተማሪ ነበረው። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ብለዋል። የተደረገውን የሚመለከት አእምሮ፣ ሳያዳላ የሚፈርድ ልብና የጠራ አጻጻፍ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዛሬም አይጠፋም። ያ የመሐለኛው ነው የተቸገርነው።

ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ያለበትን ቤት ታውቁታላችሁ። ገነተ ልዑል ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሹማምንቱ ታግተው የተረሸኑት እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት፤ እነ ሪቻርድ ፓንክረስት የጥናት ተቋሙን መሠረቱ። ደም የፈሰሰበት ቤት ሰነድ የሚገለጥበት ቤት ሆነ። እነ ታደሰ ታምራት፣ እነ መርዕድ ወልደአረጋይ፣ እነ ባህሩ ዘውዴ ለኛ መምህሮች መምህር የሆኑት በዚያ ግቢ ነው። ሁሴን አህመድ ደግሞ የወሎን እስልምና ታሪክ ለወሎዬ ሳይሆን ለዓለም አስረድተዋል። እኛ ሠርጉንም ለቅሶውንም አብረን ኖረንበት የማናውቀውን ነገር ከእሳቸው ተማርን። ባህሩ ዘውዴ የተማሪውን ንቅናቄ ሲያጠኑ፣ የራሳቸውን ትውልድ ነው ያጠኑት። የራስን ጓደኞች ጥፋት በማስረጃ መጻፍ ቀላል ይመስላችኋል? እስቲ እኛ ስለዚህ ማኅበር ቃለ ጉባዔ እውነቱን እንጻፍ!

እሺ፣ ወደ መጣሁበት ልግባ። ኮሚቴው ጆሮውን ይድፈን።

እነዚህን ሰዎች ምን አደረግናቸው? በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ። ስንቶቻችን «ለምን?» አልን? ቆየት ብሎ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የታሪክ ሞጁል ሲዘጋጅ የተነሳውን ንትርክ ደግሞ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አብዛኛው ተሳዳቢ ሞጁሉን አላነበበውም። «የኛ አልተጻፈም» የሚለው ጮኸ፣ «የነሱ ተጻፈ» የሚለውም ጮኸ። ስድቡን የጠጣው ግን ሰነድ ሲያገላብጥ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው።

ችግሩ ባለሥልጣን ጋ ብቻ ቢሆን እዚህ አልቆምም ነበር። ችግሩ እኛው ጋ ነው። እኛ የምንፈልገው ታሪክ አዋቂ አይደለም፤ ጠበቃ ነው! አያቶቻችንን ነጻ የሚያወጣልን፣ የሰውን አያት የሚያስፈርድልን ጠበቃ። አንድ አስተማሪ «ያንተም ወገን ገድሏል» ሲል ማታውኑ ስሙን ቴሌግራም ላይ እናወጣዋለን። ከየት ዘር እንደሆነ እንቆፍራለን። የተናገረው እውነት ይሁን አይሁን የሚጠይቅ የለም። አንዱ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰነድ ሳይገልጥ ሲፎክር ያመሻል፤ እሱን «ፕሮፌሰር» እንለዋለን፣ ጎፈንድሚ እንከፍትለታለን። አርባ ዓመት ያስተማረው ሰው ደግሞ የጡረታ ብሩ የቤት ኪራይ አይሸፍንለትም። ይህ ነው ወይ ታሪክ መውደዳችን?

ባለፈው ዓመት የልጄ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ የወላጆች ስብሰባ ጠርቶን ነበር። ታሪክ የሚያስተምራቸው የስፖርት መምህሩ ነው። በስፖርት መምህሩ አልፈርድም፣ ልጆቹ ይወዱታል። ምክትል ርዕሰ መምህሯን ስጠይቃቸው፣ «ታሪክ እኮ ንባብ ነው፣ ማንም ይሸፍነዋል» አሉኝ። ፊዚክስ ቢሆን ማንም ይሸፍነዋል ይሉ ነበር? ዞር ብዬ ሳይ ደግሞ ከወላጁ አብዛኛው አንገቱን እየነቀነቀ ይስማማል። ከዚያው ስብሰባ ወጥተው ግን ስለ ዓድዋ፣ ስለ ወልወል፣ ስለ ቀይ ሽብር ማኪያቶ ይዘው የሚደባደቡት እነሱው ናቸው። ቀይ ሽብርን የሚያህል ነገር፣ ዛሬም ድረስ ልጆቻቸው የት እንደተቀበሩ የማያውቁ እናቶች ያሉበትን ነገር፣ ለማንም ሸፋኝ አሳልፈን እንሰጣለን። አንሰጥም! መስጠት የለብንም!

ሌሎች ነጥቦችም ይዤ ነበር። ስለ መዛግብት አያያዝ አንድ አለ፤ ባጭሩ፣ ቤታችሁ ያለውን የአባቶቻችሁን ደብዳቤና ፎቶ አይጥ ሳይበላው ለሚያነበው አስረክቡ። ስለ መምህራን ሕክምናም አለ፤ እሱን ገንዘብ ያዣችን በሪፖርቱ ያቀርበዋል።

ቲቸር፣ ስምዎን አልጠራሁም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። የቀሩትም መምህሮቻችን፣ ስላልዋሻችሁን እናመሰግናለን። በምትፈሩበት ቀን ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን። ከ«ቀኑን ንገሩኝ» በፊት ተሳስተን የጮህንባችሁ ካለም፣ የልጅነታችን ነው፣ እለፉን።

እናንተ ደግሞ ከመቀመጫችሁ ተነሱና አጨብጭቡላቸው። ስታበቁ፣ የቲቸርን ደብተር በኮምፒውተር አስለቅመን ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ልናሳትመው ነው፤ የማሳተሚያውን የምትቀበለው ልጅ በሩ ጋ ቆማለች። ጥሬ ብርም ቴሌብርም ትቀበላለች። «በኋላ» አትቀበልም።