«ይበቅላል» አትበሏቸው
(ስለ ፒአርፒ፣ ማለትም ከታካሚው ከራሱ ደም ተለይቶ ስለሚወጋው፣ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ስለበዙበት ፕላዝማ፣ እና ስለ ካርቲሌጅ ጉዳት ለሙያ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ እህቶቼ ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ። አዘጋጆቹ «ስለ ፒአርፒ አጠቃላይ ገለጻ ስጠን» ነው ያሉኝ፣ ገለጻውም ተዘጋጅቷል፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዛሬ እዚህ ያቆመኝ አንድ ቃል ነው። «ይበቅላል» የሚለው ቃል።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ቮሊቦል ስጫወት ያያችሁኝም አላችሁ። ዘልዬ ስወርድ ነው ጉልበቴ የሄደው፣ ኤምአርአይ ላይ የጭን አጥንቴን ጫፍ የሸፈነው ልስልሱ ልባስ፣ ካርቲሌጁ፣ ተልጦ ታየ። ሐኪሙ ከክንዴ ደም ቀዳና ቱቦውን ሴንትሪፊውጅ፣ ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን፣ ውስጥ ከተተው፣ ከደቂቃዎች በኋላ አወጣውና ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ከታች ቀዩ ደም፣ ከላይ ቢጫው ፕላዝማ፣ መሀል ላይ ክር የምታክል ነጣ ያለች መስመር። እሷን በጣቱ እየነካ «በዚህ ካርቲሌጅህ ይበቅላል፣ በ6 ወር አዲስ ጉልበት ነው የሚኖርህ» አለኝ። ድምፁ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ፕላትሌቱ ስንት እንደሆነ አልተቆጠረ፣ ነጭ የደም ሴል ይኑርበት አይኑርበት አልተነገረኝ፣ ስለ ልምምድማ ጭራሽ ትንፍሽ ያለ የለም። እኔም አመንኩ! ሰውን ቀን ከሌት «ጭንህን አጠንክር» እያልኩ የማክመው ፊዚዮቴራፒስት፣ ካርቲሌጄ እስኪበቅል ብዬ እግሬን ሶፋ ላይ ሰቅዬ ከረምኩ። 3 መርፌ ተወጋሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጉልበቴ አብጦ ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ነበር፣ ከዛ ህመሙ ቀለል አለልኝ፣ ይሄን አልክድም። በ6ኛው ወር ግን ሜትር አምጥቼ ጭኔን ስለካው ከጤነኛው በ3 ሴንቲሜትር ቀጥኗል፣ ኤምአርአዩ ላይ ደግሞ ጉዳቱ እዛው በነበረበት ቁጭ ብሏል። ያንን ጡንቻ ለመመለስ አንድ ዓመት ሙሉ ፈጀብኝ።

ለምን እንዳልበቀለ ሁላችንም ተምረነዋል። ካርቲሌጅ ደም ስር የለውም፣ ነርቭ የለውም፣ ያሉት ሴሎችም ጥቂት ናቸው። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፣ ስንረግጥ እየተጨመቀ ስንለቀው እየመጠጠ እንደ ስፖንጅ። ስለዚህ እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ምግቡን ነበር የከለከልኩት። ዊልያም ሀንተር የሚባለው ሐኪም እኮ የተጎዳ ካርቲሌጅ ተመልሶ እንደማይድን በ1743 ነው የጻፈው! ፕላትሌት ቁስል ላይ ሲደርስ ግሮውዝ ፋክተር፣ ሴሎችን ለጥገና የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር፣ ይለቃል፣ እውነት ነው፣ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ማይክሮሊትር ከ150,000 እስከ 450,000 አለ፣ ፒአርፒ ማለት ይህን ፕላትሌት በጥቂት ፕላዝማ ውስጥ አሰባስቦ ማብዛት ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን ብግነት ሊያበርድ ይችላል፣ ህመም ሊቀንስ ይችላል። ማብረድና ማብቀል ግን ለየቅል ናቸው።

በ2021 አውስትራሊያ ውስጥ የወጣውን ጥናት አስታውሱ። የጉልበት አርትራይተስ፣ ካርቲሌጁ ቀስ በቀስ የሚያልቅበት ህመም፣ ያለባቸው 288 ሰዎች፣ ግማሾቹ ፒአርፒ ግማሾቹ የጨው ውሃ፣ በሳምንት አንድ እያሉ 3 መርፌ። ከዓመት በኋላ ህመማቸው ከ10 በ2.1 እና በ1.8 ቀነሰ፣ በሁለቱም ወገን ማለት ነው፣ ልዩነቱም ይህ ነው የሚባል አይደለም። ካርቲሌጁስ? በፒአርፒው 1.4 በመቶ፣ በጨው ውሃው 1.2 በመቶ ቀነሰ። ቀነሰ ነው ያልኩት! ታዲያ በየትኛው አፋችን ነው ታካሚ ፊት ቆመን «ይበቅላል» የምንለው? የሰው ተስፋ እኮ መጫወቻ አይደለም፣ ነጭ ጋውን ለብሰን የምንናገራትን እያንዳንዷን ቃል ሰው አምኖ ቤቱ ይዟት ይገባል!

ይጣል እያልኩ አይደለም። ጉዳታቸው ገና በሆነ ሰዎች ላይ መገጣጠሚያን ከሚያለሰልሰው የሃያሉሮኒክ አሲድ መርፌ የተሻለ ውጤት ያሳዩ ጥናቶች አሉ፣ አውስትራሊያኖቹም ያጠኑት አርትራይተስን እንጂ እንደኔ ዘሎ የወደቀን ጉልበት አይደለም። አዘገጃጀቱም ከማሽን ማሽን ይለያያል፣ የአንዱን ውጤት ወስዶ ለሌላው መስጠት አይቻልም፣ ለዚህ ነው የፕላትሌቱ ቁጥር ይጻፍ የምለው። ከማይክሮፍራክቸር፣ ከካርቲሌጁ ስር ያለውን አጥንት በጥቃቅኑ ከሚበሳው ኦፕሬሽን፣ ጋር አብሮ ስለመስጠቱ ከሰዓት በኋላ የሚናገሩት ዶክተር ስለሚያነሱት ለሳቸው ትቼዋለሁ።

የኔ ጥያቄ አንድ ነው። ታካሚ መርፌው ከመወጋቱ በፊት በሚፈርመው ፎርም ላይ «ይህ ህክምና ህመም ሊቀንስ ይችላል፣ ካርቲሌጅ እንደሚያበቅል አልተረጋገጠም፣ ልምምድ ማቆም የለብዎትም» የሚል ይግባበት። ረቂቁን ጽፌ አምጥቻለሁ፣ በሩ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ስትወጡ አንብባችሁ የተስማማችሁ ፈርሙልኝ። አመሰግናለሁ።