መርፌው ካለፈ በኋላ

እሺ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ የምቀዳው ከቡራዩ ነው፣ ከጀርባ የብየዳ ድምፅ ከሰማችሁ ጎረቤት በር እያሠራ ነው፣ ታገሱኝ።

ዛሬ በግድ ስለሚሰጥ መድኃኒት ነው የማወራው፣ ማለቴ አእምሮ ሕክምና ዋርድ ውስጥ ሰው ሲረብሽ ወይ ሰው ሊመታ ሲነሳ ይዘው የሚወጉት መርፌ። ታላቅ ወንድሜ ላይ ደርሷል፣ አውሪው ብሎኛል፣ ሆስፒታሉን ግን አልጠራም።

በነገራችን ላይ ግዱ ዋርድ ውስጥ አይደለም የሚጀምረው። ስንቱ እኮ እዛ የሚደርሰው ጸበል ከርሞ፣ ቤት ታስሮ፣ መጨረሻ ላይ በገመድ ተጠፍሮ በሚኒባስ ነው፣ እንደዛ የመጣን ሰው በር ላይ ጥበቃ ሲከበው ቢታገል ምን ይገርማል?

መርፌው ብዙ ጊዜ ሀሎፔሪዶል ነው፣ በፈረንጅ 1958 የተገኘ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት፣ ርካሽ ነው፣ ይሠራልም፣ አንዳንዴ ዲያዜፓም ወይ ፕሮሜታዚን የሚባል ማረጋጊያ ይጨመርበታል። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ይረጋል። ግን አንዳንዱ ላይ፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ ከሰዓታት በኋላ አንገት ይጠማዘዛል፣ ዓይን ወደላይ ይሰቀላል፣ ምላስ ይያያዛል። ማከሚያ አለው፣ ፕሮሜታዚኑ ራሱ ይረዳል፣ ግን ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ልሞት ነው ነው የሚለው። ወንድሜ "መርዘውኛል" እያለ ሲጮህ እነሱ በሽታው ብሶበታል ብለው ካርዱ ላይ ጻፉት፣ በቃ።

እኔ መርፌው ይቅር አልልም። ማታ ነርሶቹ ጥቂት ሆነው አንዱ በሽተኛ ሌላውን ሊያንቅ ሲነሳ ምን ያድርጉ? የሚያንገበግበኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ ሲነቃ አጠገቡ ቁጭ ብሎ "ለዚህ ነው የወጋንህ፣ እንዲህ ሊያደርግህ ይችላል" ያለው ሰው የለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አለ፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውንም ያካትታል፣ የስምምነቱ ኮሚቴ በግድ ማከምን ጭራሽ አይቀበልም፣ ብዙ ሳይካትሪስቶች ደግሞ ይሄ አይሆንም ይላሉ፣ እኔም መሃል ላይ ነኝ እውነት ለመናገር። ግን ለሰውየው ለመንገር እኮ የኮሚቴ ውሳኔ አይጠበቅም።

ወንድሜን ጠየቅኩት፣ ምን ቢያደርጉልህ ኖሮ ትረጋ ነበር? ቲቪውን ቢያጠፉትና ግቢ ውስጥ ትንሽ ቢያራምዱኝ አለኝ። ይሄ ካርዱ ላይ አንድ መስመር ነው፣ ለሚቀጥለው ተረኛ ይጠቅማል፣ የጠየቀው ግን የለም።

ሳይካትሪ ነርስ የሆናችሁ ካላችሁ፣ እናንተ ጋ ከመርፌው በኋላ ማን ነው የሚያናግረው? ቴሌግራም ላይ ቮይስ ላኩልኝ፣ ስም አልጠራም፣ በሚቀጥለው አሰማለሁ። ቻው።