በጣና ላይ ለሚሮጥ ጄት ጀልባ ዓሣ ጠቋሚ መግጠም

[ምስል፦ ማለዳ፣ ባሕር ዳር። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። የደንገል ታንኳ በሩቅ ያልፋል። ነጭ ጄት ጀልባ በተጎታች ላይ ቆሟል።]

ወደ ጀልባው ኋላ እንሂድ። ፕሮፔለር የለም። የምታዩት አንድ ወፍራም አፈሙዝ ብቻ ነው። አሁን ጎንበስ ብላችሁ ከሆዱ ሥር ተመልከቱ፤ በብረት ፍርግርግ የተከደነ ሰፊ አፍ አለ። ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ በዚህ አፍ ውሃ ይስብና በአፈሙዙ አስፈንጥሮ ያወጣዋል፤ ጀልባው የሚሄደው በዚያ ግፊት ነው። የዛሬውን ሥራ፣ ጥልቀትንና ዓሣን በስክሪን የሚያሳየውን ዓሣ ጠቋሚ መግጠምን፣ የሚወስነውም ይኸው አፍ ነው። የመሣሪያው ዋጋና የስክሪኑ ስፋት ከእርሱ በኋላ የሚመጡ ጉዳዮች ናቸው።

እኔ የመጀመሪያውን ስገጥም ይህን አላወቅሁም ነበር። ከመሣሪያው ጋር የመጣው መመሪያ ሥዕሉ የተሣለው ፕሮፔለር ላለው ጀልባ ነው። ሥዕሉን አምኜ ውሃ የሚነካውን ክፍሉን ከኋላው ግድግዳ ላይ፣ ለአፈሙዙ ቀረብ አድርጌ በሳሁና አሰርኩ። ጀልባው ቆሞ ሳለ ጥልቀቱ ቁልጭ ብሎ ተነበበ። ፍጥነት ስንጨምር ቁጥሩ ይዘል ጀመር፤ ትንሽ ቆይቶ ጭራሹን ጠፋ። ቦታውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። በመጨረሻ አንድ ደህና ጀልባ ያለ ጥፋቱ ስድስት ቀዳዳ ተበስቶበት ቀረ። ያ ቀን አሁንም ይቆጨኛል፤ ይህን ቪዲዮ የማዘጋጀውም የሌላ ሰው ጀልባ እንዲያ እንዳይሆን ነው።

[ምስል፦ ትራንስዲዩሰሩ በእጅ መዳፍ ላይ። ከቁራጭ ሳሙና ብዙም አይበልጥም።]

ይህች ጥቁር ነገር ትራንስዲዩሰር ትባላለች። ስክሪኑ ያሳያል እንጂ የሚሰማው እርሱ አይደለም፤ ጆሮውም አፉም ይህች ናት። ጆሯችን የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ወደ ታች ትልካለች፤ ድምፁ ከሐይቁ ወለል ወይም ከዓሣ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ትቀበላለች። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,480 ሜትር ይጓዛል። 10 ሜትር ጥልቀት ባለበት ቦታ ደርሶ ለመመለስ ከ14 ሚሊ ሰከንድ (ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው) አይበልጥበትም። መሣሪያው ይህን ጊዜ ለክቶ ወደ ሜትር ይለውጠዋል።

ጠላቱ አየር ነው። በውሃ የሚጓዝ ድምፅ የአየር አረፋ ሲያጋጥመው ከሞላ ጎደል ሁሉም ይመለሳል፤ አልፎ አይሄድም። ከትራንስዲዩሰሩ ፊት አረፋ ካለ፣ ከሥሩ 8 ሜትር ውሃና አንድ መንጋ ዓሣ ቢኖርም ለእርሱ ግድግዳ ፊት እንደ መቆም ነው። በጄት ጀልባ ኋላ ደግሞ አረፋ ሞልቷል። አፈሙዙ የሚተፋው ውሃ ነጭ የሆነው በአየር ምክንያት ነው። ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባ ከአፈሙዙ ላይ የሚወርደው ክዳን ያንን ውሃ መልሶ ወደ ጀልባው ሆድ ሥር ይልከዋል። የእኔ የመጀመሪያ ትራንስዲዩሰር የተቀመጠው ልክ እዚያ ላይ ነበር።

ታዲያ ከአፉ ፊት ለፊት፣ ወደ ጀልባው መካከል ብናስረውስ? ውሃው እዚያ ንጹሕ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከሆዱ ወጣ ብሎ የታሰረ ነገር ውሃውን ይሰነጥቀዋል፣ ከኋላውም አረፋ ይጎትታል። ያ አረፋ በቀጥታ ወደ ፓምፑ አፍ ይገባል። ፓምፕ አየር ሲስብ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን አይገፋም። ይህን አታድርጉት። ዓሣ ጠቋሚ ቢበላሽ ዓሣ አይታይም፤ ፓምፑ ጉልበት ቢያጣ ግን ከሰዓት በኋላ ነፋስ በተነሣ ማዕበል መካከል ትቆማላችሁ።

[ምስል፦ በወረቀት ላይ የተሣለ ጣና። ደቅ፣ ዘጌ፣ ጎርጎራ፣ ባሕር ዳር።]

መፍትሔውን የሚሰጠን ራሱ ጣና ነው። ይህ ሐይቅ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይዘልም። የመሣሪያው ካርቶን ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር እንደሚያነብ ተጽፎ ይሆናል። ለጣና ያ ሁሉ ኃይል አያስፈልግም። ባሕር ላይ የሚሠራ ሰው ከድምፁ ጥቂት እንኳ እንዳይባክን ይሳሳል፤ እኛ ግን ግማሹ ቢባክንብንም የሚተርፈን ይበቃናል።

ስለዚህ የጀልባችሁ ሆድ ድፍን ፋይበር ግላስ ከሆነ ምንም አትብሱ። ትራንስዲዩሰሩን ከውስጥ፣ በሆዱ ላይ አጣብቁት። ድምፁ ፋይበር ግላሱን አልፎ ይሄዳል፤ ሲያልፍ ይዳከማል፤ ለ15 ሜትር ግን ችግር የለውም። ከውጭ ምንም ስለማይወጣ ፓምፑ አየር አይስብም፣ እምቦጭ አይጠመጠምበትም፣ የአጥማጆች መረብ አይያዝበትም። ለጣና ጄት ጀልባ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። የሚቀርባችሁ ነገር ቢኖር የውሃው ሙቀት በትክክል አለመነበቡና፣ ወለሉን እንደ ፎቶግራፍ የሚያሳየው በጣም ቀጭን ድምፅ በፋይበር ግላሱ በደንብ አለማለፉ ነው። ስለዚህ ስትገዙ በ200 ኪሎ ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት የሚሠራውን፣ ተራውን ዓይነት ምረጡ።

ጀልባው አሉሚኒየም ከሆነ ወይም በሁለት የፋይበር ግላስ ንጣፎች መካከል እንጨት ወይም ፎም ካለ ይህ መንገድ አይሠራም። በፎም ውስጥ ያለው አየር ነውና። ለእነዚህ ቆየት ብለን እንመለሳለን።

[ምስል፦ ጀልባው ውሃ ላይ። የወለሉ ክዳን ተነሥቷል፤ ከፓምፑ ጎን ያለው ባዶ ቦታ ይታያል።]

ሙጫውን ከመክፈታችን በፊት ቦታውን እንፈትን። የምንፈልገው ከኋላ በኩል፣ ጀልባው በፍጥነት ሲሄድ እንኳ ከውሃ የማይነሣ የሆዱ ክፍል ነው፤ ከፓምፑ አፍ በግራ ወይም በቀኝ ራቅ ያለ። መሣሪያውን ለጊዜው ከባትሪ ጋር አገናኙትና ትራንስዲዩሰሩን በመጀመሪያ ከጀልባው ጎን ወደ ውሃው ንከሩት። ጥልቀቱን ጻፉ። ቀጥሎ ጠንካራ የፕላስቲክ ከረጢት ውሃ ሙሉና ትራንስዲዩሰሩን ከውስጡ ከትታችሁ እሰሩት፤ በመረጣችሁት ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ ከላይ ጫን በሉት። ከረጢቱና ሆዱ የሚነካኩበት ቦታም እርጥብ ይሁን። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ሆዱ ድፍን ነው፣ ቦታውም ደህና ነው። ቁጥሩ ካልመጣ አንድ ስንዝር ወዲያ አንቀሳቅሱና ድገሙት። ከዚያ አንድ ሰው ከረጢቱን እንደያዘ ጀልባውን ሩጡበት። ቁጥሩ በሩጫ ከጸና ቦታውን በእርሳስ ክበቡት።

ይህን ለማድረግ አንድ ጠዋት ይፈጃል። እኔ ለስድስቱ ቀዳዳዎች ሦስት ቀን ከፍያለሁ።

አሁን ማጣበቅ። ጀልባውን አውጡና የከበባችሁትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍጉት፣ በአልኮል አጽዱት፣ ይድረቅ። ሙጫው ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኤፖክሲ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ግዙ። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው አረፋው ሳይወጣ ይጠጥራል። ሲሊኮንም ለዚህ አይሆንም፤ ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል። ኤፖክሲውን ስታማስሉ እንደ እንቁላል አትምቱት፤ አየር ይገባዋል። ቀስ አድርጋችሁ አዋሕዱት፣ በቦታው አፍስሱ፣ ትራንስዲዩሰሩን እያሽከረከራችሁ ተጫኑት። ከዳር ዳር አረፋ ሲወጣ ታያላችሁ፤ መውጣቱን እስኪያቆም አሽከርክሩ። ከዚያ ድንጋይ ጭናችሁ እስከ ማግሥቱ ተዉት።

[ምስል፦ የአሉሚኒየም ጀልባ የኋላ ግድግዳ። እጅ በውሃ ልክ ይለካል።]

ለአሉሚኒየም ጀልባና በሆዱ ንጣፎች መካከል እንጨት ወይም ፎም ላለበት ከኋላው ግድግዳ ውጭ ሌላ አማራጭ የለንም። ከአፈሙዙ የቻላችሁትን ያህል ወደ ጎን ራቁ፤ ጀልባው ሲጠመዘዝ ከውሃ የሚወጣው ጥግ ላይ ግን አትድረሱ። ከሆዱ ሥር በርዝመት የሚሄዱ የብረት መስመሮች ወይም የምስማር ራሶች ካሉ፣ ከእነርሱ ትይዩ ያለው ውሃ አረፋ አለበትና ተዉት። የትራንስዲዩሰሩ ፊት ከሆዱ መስመር በታች 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይውረድ፤ በፋይበር ግላስ ጀልባ ግድግዳ ላይ ሲሆን 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ግድግዳውን በቀጥታ ከመብሳት ወፍራም የፕላስቲክ ሰሌዳ በሁለት ብሎን እሰሩና ትራንስዲዩሰሩን በሰሌዳው ላይ ግጠሙት። ነገ ቦታው አልሆነም ብትሉ የሚበሳው ሰሌዳው ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹን ለጀልባ በተሠራ ማሸጊያ ሙሏቸው፤ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት፣ ቀዳዳው ውስጥ።

ገመዱን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ አጥብቄ እናገራለሁ። የመጀመሪያው፣ የትራንስዲዩሰሩን ገመድ አትቁረጡት። ቢረዝምባችሁ ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ተቆርጦ የተቀጠለ ገመድ ስክሪኑን በነጠብጣብ ይሞላዋል። ሁለተኛው፣ ኤሌክትሪኩን ከ12 ቮልቱ ባትሪ በቀጥታ፣ በራሱ ፊውዝ አምጡት፤ መጠኑ መመሪያው ላይ አለ፤ ለትናንሾቹ ብዙ ጊዜ 3 አምፔር ነው። ከሞተሩ የማስነሻ ሽቦዎች ጋር አብሮ አይሂድ። ሞተር ሲነሣ ስክሪኑ ላይ የሚዘንብ መስመር ካያችሁ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

[ምስል፦ ስክሪኑ በርቷል። ከጀርባው የሐይቁ ውሃ ያንጸባርቃል።]

ከበራ በኋላ የውሃውን ዓይነት ጨው አልባ በሉት፣ መለኪያውን ሜትር። ትራንስዲዩሰሩ የሚለካው ከራሱ ፊት ጀምሮ ነው፤ እናንተ ግን ማወቅ የምትፈልጉት ከፓምፑ ፍርግርግ በታች ስንት ውሃ እንዳለ ነው፤ የሁለቱን ልዩነት በሜትሮ ለክታችሁ አስገቡ። የጥልቀት ማንቂያውን በአንድ ሜትር ተኩል ላይ አድርጉት። ጄት ጀልባን ዊሊያም ሃሚልተን የተባለው ኒውዚላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያበጀው ጥልቀት ለሌላቸው የአገሩ ወንዞች ነው፤ በጥቂት ውሃ ላይ ማለፍ ይችላል። ይህ ግን አሸዋና ጠጠር መጥባቱን አያስቀረውም፤ የተጠባ ጠጠር በፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረውን ምላጭ ይበላዋል። ጣና ደግሞ በዓመት ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በመስከረም ያለፋችሁበት ድንጋይ በግንቦት ይጠብቃችኋል። እውነቱን ለመናገር፣ ለእኔ የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም ዓሣ ማሳየቱ አይደለም፤ ይኼ ቁጥር ነው።

ዓሣም ያሳያል። 200 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ጠባብ ሾጣጣ ነው፤ በ10 ሜትር ጥልቀት የሚሸፍነው የክብ ስፋት ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዓሣ ከዚህ ሾጣጣ ዳር ሲገባ ይርቃል፣ መካከል ሲደርስ ይቀርባል፣ ሲወጣ እንደገና ይርቃል፤ ቅስት ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። አምባዛ ጭቃው ላይ ከተኛ ግን ከወለሉ ጋር ይዋሐዳልና አትጠብቁት። እምቦጩንም በዓይናችሁ ተጠባበቁ፤ ትራንስዲዩሰሩ የሚያየው ከሥራችሁ ያለውን እንጂ ፊት ለፊት ያለውን አይደለም። ፍርግርጉ በእምቦጭ ሥር ከተደፈነ ፓምፑ ይታፈናል፤ ያኔ ሞተሩን አጥፍታችሁ ማጽዳት ነው፤ ሞተር ሳይጠፋ እጅ ወደዚያ አይቀርብም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በክረምት ማብቂያ ነጭ ዓሣው እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል፤ ከመውጣቱ በፊት በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባል። ከእነዚህ ዓሦች ከጣናና ከገባሮቹ በቀር የትም የማይገኙ ከደርዘን በላይ ዝርያዎች አሉ። በዚያን ወቅት ስክሪናችሁ በቅስት ይሞላል። እለፏቸው።

[ምስል፦ ጀልባው ከዘጌ ወዲህ ቆሟል። አንድ አረጋዊ አጥማጅ በታንኳ ተጠግተዋል።]

የመጨረሻው ሥራ ማረጋገጥ ነው። ዛሬ የሚያረጋግጡልን እኚህ አባት ናቸው። በዕድሜያቸው ሁሉ ጥልቀት የለኩት ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ነው፤ በገመዱ ላይ በየክንዱ ቋጠሮ አለ። ስክሪኑ 6.1 ይላል።

«አባባ፣ እስቲ ይጣሉልን» አልኳቸው።

ገመዱን ለቀቁ፤ ድንጋዩ ወለሉን ሲነካ ያዝ አደረጉና ቋጠሮውን እየቆጠሩ ሳቡ። እኔም እርጥቡን ገመድ በሜትሮ ለክቼ ፍርግርጉ ከውሃው ገጽ የወረደበትን ያህል ቀነስኩ፤ ስድስት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር።

«ቆማችሁ ነው እንጂ» አሉ ስክሪኑን እያዩ። «እየሮጣችሁስ ይናገራል ወይ ልጄ?»

[ምስል፦ ጀልባው በሙሉ ፍጥነት ወደ ክብራን ገብርኤል አቅጣጫ። ካሜራው ስክሪኑ ላይ ይቆያል፦ 6.4፣ 6.7፣ 7.0፣ 7.2።]