ወገቤን ነው ያልኩት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ልጄ ተኝታለች፣ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፌ ነው የምቀዳው። ከታች ቆራሌው ቢጮህ ወይ የጎረቤት በር ቢንኳኳ እንዳትፈርዱብኝ።

የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ውሸት ነው። እርጉዝ ሆኜ ሰባት ሳምንት ያህል ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ “ወገቤን አሞኝ ነው” እል ነበር። ወገቤ ምንም አልሆነም። የሚያመኝ ብሽሽቴን ነው። ከእምብርት ወርዳችሁ ወርዳችሁ ፊት ለፊት የምታገኙት አጥንት አለ አይደል? እሱ። ከዚያ ደግሞ ወደ ጭኔ ውስጥ ይወርዳል። አያችሁ፣ አሁንም ድምፄ ዝቅ አለ።

ወገብ ጨዋ ቃል ነው። ለአለቃ ይነገራል፣ ለአማት ይነገራል፣ ታክሲ ውስጥም ይነገራል። ብሽሽት ግን ለማን ይነገራል? “ምነው ታነክሻለሽ?” ሲሉኝ “ወገቤን” ብዬ እገላገላለሁ።

የጀመረኝ አምስተኛ ወር መጨረሻ ላይ ነው። ሱሪ ልለብስ አንድ እግሬን ሳነሳ። ፍልጥ ሲፈለጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ከመሃል የምከፈት መሰለኝ። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩና ጠበቅኩት፣ አለፈ። በማግስቱ ከታክሲ ስወርድ ደገመኝ። በሳምንቱ ሌሊት ከግራ ወደ ቀኝ ለመገላበጥ ባለቤቴን መቀስቀስ ጀመርኩ። አንዳንዴ አጥንቱ “ቋ” ሲል ይሰማኛል። እሱም ሰምቶ ያውቃል፣ አልጋው ነው ብሎ ብሎኖቹን አጠባብቋል።

ውሸቴ ግን ዋጋ አስከፈለኝ። ወገቤን ስላልኩ የመጣልኝ ምክር ሁሉ የወገብ ነው። እማዬ መቀነት አመጣችና ወገቤ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችልኝ። ትንፋሽ አጠረኝ እንጂ ምንም ለውጥ የለም። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ “ሂጂ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ምጡም ይቀልልሻል” አለችኝ። እሺ ብዬ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ረጅም መንገድ በሰፊ እርምጃ ሄድኩ። የዚያን ሌሊት ሽንት ቤት የደረስኩት ግድግዳውን ይዤ ነው። ሌላዋ ጎረቤቴ ደግሞ ከቦርሳዋ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ አወጣች። በጣም አዛኝ ሴት ናት፣ ግን እንኳንም ያን ኪኒን አልዋጥኩት። እሱም ሆነ አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። በተለይ ከ20 ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዳና የእንሽርት ውሃውን ሊያሳንስ እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አስጠንቅቋል። እኛ ጋ ግን እንደ ማስቲካ ከቦርሳ ይወጣል።

በመጨረሻ ያጋለጠችኝ የክትትል ሲስተሯ ናት። የደም ግፊቴን ለካች፣ የልጁን የልብ ምት ሰማች፣ “ሌላ የሚሰማሽ ነገር አለ?” አለችኝ። “ወገቤን” አልኳት፣ እንደ ልማዴ። “በእጅሽ አሳዪኝ” አለች። እጄ ቀጥ ብሎ ብሽሽቴ ላይ ሄደ። እጅ እንደ አፍ አይዋሽም። “ይሄማ ወገብ አይደለም” አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አለቀስኩ።

ሽንቴን አስመረመረችኝ፣ ኢንፌክሽን እንዳይሆን። ከዚያ በጀርባዬ አስተኛችኝና አንድ እግሬን ጉልበቴን ሳላጥፍ ቀጥ አድርጌ እንዳነሳ ጠየቀችኝ። እምቢ አለኝ። የራሴ እግር የሰው እግር ሆነብኝ። ቀጥላ ዳሌዬን ከግራና ከቀኝ በሁለት እጇ ጫን አድርጋ ያዘችና “አሁን ሞክሪ” አለችኝ። ተነሳ! በቀላሉ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ ልነግራችሁ አልችልም። ሕመሙ ስላለፈ አይደለም። ምክንያት ስላለው ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ “ቅብጥ ሆኜ ይሆን?” እያልኩ ነበር።

ስም አለው። ፔልቪክ ገርድል ፔይን ይሉታል፣ የዳሌ ቀለበት ሕመም እንበለው። ከአምስት ነፍሰ ጡሮች አንዷን ያህል እንደሚይዝ ይነገራል። የዳሌ አጥንታችን ቀለበት ነው፤ ከኋላ ሁለት መገጣጠሚያ አለው፣ ከፊት አንድ። የፊተኛው መሃል ላይ ክፍተት አለ፣ እርጉዝ ባልሆነች ሴት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር። በእርግዝና ጊዜ ጅማቶቹ ላላ ስለሚሉ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ይሄ ለሁላችንም የሚሆን ነው፣ ልጅ ሊያልፍበት አይደል? ችግሩ ሦስቱ መገጣጠሚያዎች እኩል ሳይንቀሳቀሱ ሲቀሩ፣ ቀለበቱን የሚይዙት ጡንቻዎችም መያዝ ሲያቅታቸው ነው። ልጁን አይጎዳውም። እናቱን ነው የሚያሰቃየው።

ሲስተሯ የነገረችኝ ዋና ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ “ጉልበትሽን ከጉልበትሽ አታለያዪ፣ በአንድ እግርሽም አትቁሚ።” ቀላል መሰለኝ። ቤቴ ስገባ ነው የኛ ኑሮ በሙሉ ጉልበት ከፍቶ የሚኖር ኑሮ መሆኑ የገባኝ። ቡና የሚፈላው በርጩማ ላይ ነው፣ ጉልበት ተከፍቶ ረከቦቱ መሃል ይገባል። ልብስ የሚታጠበው ሳፋ ፊት ቁጢጥ ተብሎ ነው። መሥሪያ ቤት ያለው ሽንት ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ስግደቱስ? እሱን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ ቆሜ አንገቴን ዝቅ እንዳደርግ ፈቀዱልኝ። ለእሳቸውም ግን ያልኩት “ወገቤን” ነው። ምን ላድርግ!

ደረጃው የባሰ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለ፣ 72 ደረጃ። ቆጥሬዋለሁ፣ ስንቴ! አወጣጡን የተማርኩት እንዲህ ነው። ስትወጡ ደህነኛው እግር ይቀድማል፣ የሚያመው ይከተልና እዚያው ደረጃ ላይ ይገናኛሉ። ስትወርዱ የሚያመው ይቀድማል። እንደ ሕፃን፣ አንድ ደረጃ ላይ ሁለት እግር። በቀን አንዴ ብቻ ለመውረድ ወሰንኩ። የረሳሁትን ነገር የታችኛው ሱቅ ልጅ በፌስታል በገመድ ይሰቅልልኛል። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ማንሳት ቀረ። ባለቤቴ መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ አጉረምርሟል፣ ልዋሽላችሁ አልፈልግም። አንድ ሌሊት “ቋ” ያለው አልጋው ሳይሆን እኔ እንደሆንኩ ስነግረው ግን ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ጀሪካኑን ሳልጠይቀው ያወጣው ነበር።

ታክሲን በተመለከተ፣ ሚኒባስ ከኋላ መግባት በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ሰቅሎ ነው፣ ያ ደግሞ ለኔ ሞት ነው። ስለዚህ ጋቢና ብቻ። ረዳቶቹ ለመዱኝ። ወንበሩ ላይ ፌስታል አነጥፋለሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ መጀመሪያ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ ሁለቱን እግሬን ገጥሜ አንድ ላይ አዞራለሁ። ፌስታሉ ያንሸራትታል። አንድ ሾፌር ለሦስት ቀን ሲያየኝ ቆይቶ “እህቴ፣ ወንበሩ ንጹሕ ነው እኮ” አለኝ። ተቀይሞ።

ሌሊት ደግሞ ትራስ። በጎን እተኛለሁ፣ ከጉልበቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ መሃል ላይ ትራስ። ጉልበት ላይ ብቻ ከሆነ እግር ወደ ታች ይጎትታልና አይረዳም። ስገላበጥ ጉልበቶቼን አጥፌ፣ ገጥሜ፣ ትከሻዬና ዳሌዬ አንድ ላይ እንደ ግንድ። የሚያንሸራትት የሌሊት ልብስም ልበሱ። የሠርግ ጊዜ የተሰጠኝ ሳቲን በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ልብስ ስለብስም ቁጭ ብዬ ነው፣ ሱሪውን በሁለቱም እግር አጥልቄ ከጨረስኩ በኋላ እነሳለሁ።

መቀነቱስ? መቀነቱ ቦታውን ስቶ ነበር እንጂ ጥፋት የለበትም። ሲስተሯ ወደ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በአካል እንቅስቃሴ ወደምታክም ባለሙያ ላከችኝ። እሷ ከወገቤ ፈታችና ወደ ታች አወረደችው፣ ከሆዴ ሥር ዳሌዬ ዙሪያ፣ ልክ ሲስተሯ በእጇ የያዘችኝ ቦታ ላይ። ለዚሁ የተሠራ ቀበቶ አለ፣ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ስትሄዱ ታስሩታላችሁ፣ ስታርፉ ትፈቱታላችሁ። የመቀመጫና የታችኛውን ሆድ ጡንቻ የሚያጠነክር ቀላል እንቅስቃሴም ሰጠችኝ። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻን ሰብስቦ መልቀቅም አንዱ ነው። ተአምር አልሠራም። ከአሥር ስምንት የነበረው ሕመም አራት ሆነ። አራት ደግሞ ያስተኛል።

ማታ ለእማዬ መቀነቱ የት መታሰር እንዳለበት አሳየኋት። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ “እኔም አንቺን ይዤ እንዲህ ነበርኩ” አለች። “ምን ትዪ ነበር?” አልኳት። “ወገቤን ነዋ” አለችኝ።

ስለ ሥራ አንድ ነገር ላንሳ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለ። ሐኪም ከዚያ ቀደም ብሎ እረፍት ካዘዘም ማስረጃውን ይዛችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ አለቃዬን ስጠይቅ “ሁሉም ሴት ያረግዛል” አለኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ተፈረመ።

አሁን ደግሞ ቀልድ የሌለበት። ብሽሽት አካባቢ የሚያም ነገር ሁሉ ይሄ አይደለም። ስታስነጥሱ ወይ ድንገት ስትነሱ ወጋ አድርጎ በሰከንዶች የሚጠፋ አለ፣ እሱ ማህፀንን የሚይዙት ጅማቶች ሲለጠጡ ነው፣ ብዙ አያስፈራም። ግን ደም ካያችሁ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ወይም ሽንት ስትሸኑ ማቃጠል ካለ፣ ከ37 ሳምንት በፊት ሆድ እየጠነከረ እየለቀቀ የሚመላለስ ቁርጠት ከጀመረ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ከቀላና ካመመ፣ ጭናችሁ መሃል ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ነገ አትበሉ። የዚያኑ ሰዓት ሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንድ ጎን ከታች የሚጠና ሕመምም እንደዚያው።

“ታዲያ እንዴት ወለድሽ?” የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በምጥ ነው የወለድኩት፣ አብዛኛዋ ሴት ትችላለች። ሊወለድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፊዚዮቴራፒስቷ በጀርባዬ አስተኝታ ጉልበቶቼ ሳያመኝ ምን ያህል እንደሚራራቁ በሜትር ለካች። ካርዴ ላይ ጻፈችው። ባለቤቴ ማዋለጃ ክፍል በር ላይ ያንን ካርድ እንደ ሎተሪ አሸናፊ ቲኬት ይዞ ለሁሉም ሲያሳይ ነበር። እግሬን ማንጠልጠያ ላይ ሊሰቅሉ ሲሉ “ሲስተር፣ ብሽሽቴን ያመኛል፣ በጎኔ ልሁን” አልኩ። ጮክ ብዬ። በዚያ ሰዓት ምን ሀፍረት አለ! በጎኔ አደረጉኝ።

ሕመሙ በማግስቱ አልጠፋም፣ ይጠፋል ያሉኝ ሰዎች ዋሽተዋል። ስድስት ሳምንት ያህል ትራሱን አልተውኩም። ብዙዎችን በሳምንታት ወይ በጥቂት ወራት ይለቃቸዋል፣ የሚቆይባቸውም አሉ፣ እነሱ ተመልሰው መታየት አለባቸው። እኔ በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ልጄን አዝዬ ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ደረጃውን እያፈራረቅኩ እየወጣሁ እንደሆነ ነቃሁ። ቆሜ ወደ ኋላ አየሁት።

ይህን እንድቀዳ ያደረገኝ የትናንት ነገር ነው። ደረጃው ላይ ከፊቴ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረዋ ልጅ እየወጣች ነበር። ሆዷ ገፍቷል። አንድ ደረጃ፣ ሁለት እግር። አንድ ደረጃ፣ ሁለት እግር። ፌስታሏን ተቀበልኳት።

“ምነው፣ አሞሻል እንዴ?”

“አይ፣ ወገቤን ነው።”

“ወገብሽን?” አልኳት። “በእጅሽ አሳዪኝ እስቲ።”

እጇ ሄደ። ከዚያ መለስ አደረገችው፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። በሯ ድረስ እስክንደርስ ሳቋን አላቆመችም። ሰኞ ጠዋት ለክትትል አብረን ነን፣ ጋቢናውን ለሷ እለቅላታለሁ።

ልጄ ነቃች መሰለኝ። ቻው።