አንገት ላይ አዳምጡ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የዛሬ ተመራቂ ሐኪሞች፣ ከአዘዞም ከደምቢያም ልጆቻችሁን ልታዩ የመጣችሁ ወላጆች፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

በ1954 እ.ኤ.አ. እዚህ ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ገጠር የወረዱት ታላላቆቻችን ዋና መሣሪያቸው ዓይን፣ እጅና ጆሮ ነበር። የመጣሁት ስለ ጆሮ ልናገር ነው።

አንድ ሸማኔ መኪና ገጭቶት በጽኑ ሕሙማን ክፍል 17 ቀን በመተንፈሻ ማሽን ቆየ፤ ድኖ ቤቱ ገባ። ሁለት ወር ሳይሞላ ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር። «አስም ነው» ተባለ፤ የሚማግ መድኃኒት ታዘዘለት። ሌላ ዘንድ ሄደ፤ አስም። ሦስተኛው የፊተኞቹን ወረቀት ገልብጦ፤ አስም። ጠበልም፣ ነጭ ሽንኩርት በማርም ሞከረ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ባዶ የመድኃኒት ዕቃዎቹን በፌስታል ይዞ ነበር። «ዶክተር፣ መወርወሪያዬን ሁለቴ ወርውሬ አርፋለሁ» አለኝ።

ማዳመጫዬን አንገቱ ላይ አሳረፍሁ። ፉጨቱ ከደረቱ ይልቅ እዚያ ይጎላል፤ የሚሰማውም አየር ሲያስገባ ነው። አስም በአብዛኛው የሚያፏጨው ሲያስወጡ ነው፤ ይህን ሁላችሁም ተፈትናችሁበታል! የማሽኑ ቱቦ ያቆሰለው ቦታ ጠባሳ ሠርቶ፣ በጎልማሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋው የአየር ቧንቧ ከእስክሪብቶ ቀጥኗል። አዲስ አበባ ልከነው በብሮንኮስኮፕ፣ ማለትም ወደ አየር ቧንቧ በሚገባ መመልከቻ ቱቦ፣ ገብተው ጠባሳውን ሰነጠቁት፤ በፊኛም አሰፉት። ከሰመመን ሲነቃ «መስኮት ከፈታችሁ?» አለ።

ሦስት ፊደል ጽፎ በሽተኛ ማሰናበት ቀላል ነው። መሣሪያ የለንም አትበሉኝ! አንገት ላይ ለማዳመጥ የትኛው መሣሪያ ጎደለ? ሰውየው ማሽን ላይ እንደነበር ለመጠየቅስ የትኛው በጀት?

የአየር ቧንቧ ዕጢም እንዲሁ አስም መስሎ ያታልላል። ቧንቧውን የዘጋውን ዕጢ በሌዘር ማቃጠል፣ በቅዝቃዜ አድርቆ ማውጣት፣ እንዳይደፈን ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ድጋፍ፣ ማስገባት ይቻላል። ካንሰሩን አያድንም፤ ግን ሲታፈን የነበረ ሰው ያን ዕለት ተንፍሶ ይተኛል፤ ለቀጣዩ ሕክምናም አቅም ያገኛል። የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳም አለ፤ እርሱን መምህሮቻችሁ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ኪሊያን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1897 እ.ኤ.አ. ከአንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ አጥንት በቱቦ ሲያወጣ ይህ በብሮንኮስኮፕ የማከም ሙያ ተጀመረ። አጥንቱ የአሳማ ነበር፤ ወላጆች ይቅርታ አድርጉልኝ።

ስለ መሣሪያ ግዥ የጻፍሁት ሁለት ገጽ ይቀራል። ምሳ እንደ ደረሰ ምልክት እየተሰጠኝ ስለሆነ ለኃላፊዎቹ በእጃቸው እሰጣለሁ። አመሰግናለሁ።