«ወገቤን» ለምትሉ ነፍሰ ጡሮች

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ወገብና ስለ ዳሌ ሕመም ነው። የእርግዝናዬን ሰባተኛ ወር ይዣለሁ፤ ጉዳዩ የራሴም ነው።

እኛ ዘንድ ነፍሰ ጡር «ወገቤን» ስትል መልሱ ያው ነው። «ቻል አድርጊው፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ትባላለች። ከፍቅር እንደሚባል አውቃለሁ። ግን አልስማማበትም። ሕመሙ ምክንያት አለው፤ የሚያቀለውም ነገር አለ።

በእርግዝና ጊዜ ሪላክሲን የሚባል ሆርሞን የዳሌን ጅማቶች ያላላል። ሆድ ወደ ፊት ሲገፋ ደግሞ ወገብ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሸክሙ የሚያርፈው የጀርባ ጡንቻ ላይ ነው። ይህንን የነገረችኝ ክትትል የማደርግበት ጤና ጣቢያ ያለች አዋላጅ ነርስ ናት፤ እንቅስቃሴውንም ያሳየችኝ እሷ ነች።

በጣም የምወደው ተንበርክኬ የምሠራውን ነው። ምንጣፍ ላይ መዳፌን ከትከሻዬ ሥር፣ ጉልበቴን ከዳሌዬ ሥር አደርጋለሁ። ጀርባዬ ቀጥ ይላል። ትንፋሼን እያስወጣሁ ሆዴን ሰብሰብ አድርጌ ጀርባዬን ወደ ላይ አጎብጣለሁ። አንገቴን ዘና አደርገዋለሁ። አየር እየሳብኩ ቀስ ብዬ ወደ ቀጥታው እመለሳለሁ። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ ወገብ ወደ መሬት እንዲሰምጥ አይለቀቅም። አሥር ጊዜ ያህል ይበቃል። መንበርከክ ለከበዳት ደግሞ ግድግዳ ተደግፋ፣ ጉልበቷን ትንሽ አጠፍ አድርጋ ወገቧን ወደ ግድግዳው ትጫን።

ለእግር ጉዞ ሐዋሳ የታደለች ናት፣ ሜዳ ነች። አመሻሽ ላይ በፍቅር ሐይቅ ዳር በጠፍጣፋ ጫማ፣ አጠር አጠር ባለ እርምጃ መሄድ ደስ ይላል። ዳሌዬን ሲቆረጥመኝ ግን አረፍ እላለሁ፣ አልታገለውም። ባጃጅ ስትገቡ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ሁለቱን ጉልበት ገጥማችሁ አንድ ላይ ዙሩ። ከአልጋ ስትነሱም በጎን ተገልበጡና በእጃችሁ ተደግፋችሁ ተነሱ። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጎን መተኛት ይመከራል። እኔ በጉልበቶቼ መሃል የታጠፈ ጋቢ አደርጋለሁ፤ እንቅልፌ ተመልሷል።

ቡና ሲፈላ ዱካ ላይ አጎንብሶ መቆየትም ወገብ ይጎዳል። ከፍ ያለ ወንበር ስጠይቅ መጀመሪያ እንደ ቅብጠት ታይቶብኝ ነበር። አሁን አማቴ ራሳቸው ያቀርቡልኛል፣ እድሜ ይስጣቸው።

አደራ የምላችሁ ግን አለ። ሕመሙ እየመጣ እየሄደ ጊዜ ጠብቆ ከያዛችሁ፣ ደም ወይም ፈሳሽ ካያችሁ፣ ሽንት ካቃጠላችሁ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ እግራችሁ ከደነዘዘ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ስፖርቱን ተዉና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቀድሞ ደም የታያችሁ ወይም የእንግዴ ልጁ ወደ ታች ነው የተባላችሁ ደግሞ ሳትጀምሩ ባለሙያ ጠይቁ።

ባሎችም የምትሰሙን ካላችሁ፣ ያንን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከዛሬ ጀምሮ እናንተ አንሱት።